ስድስት ጫማ ከግማሽ

መምህር ዓለምነው የኮሌጅ ዘመኑ ሲነሣ ፊቱ ይበራል። ዳንግላ ላይ ስንት ዓመት አስተምሮ፣ ስንቱን ልጅ ለወግ ለማዕረግ አብቅቶ፣ ዛሬም ጨዋታው ዞሮ ዞሮ እዚያው አዲስ አበባ፣ እዚያው ሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ላይ ያርፋል። "ቴሌስኮፕ የሚያህል ነገር ተሰጥቶኝ" ይላል፣ "መጀመሪያ ያየሁበት የገዛ ሽፋሽፍቴን ነበር!" ሰው ይስቃል፤ እሱም ይስቃል። የቀረውን ግን ለሁሉም አያወራም።

ያኔ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበር። ለሳይንስ ተማሪዎች የከዋክብት ጥናት የሚባል ትምህርት ነበረ። ትምህርቱስ ደግ ነው፤ ጣጣው ላቦራቶሪው ላይ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተማሪው ሁሉ ደብተሩን ታቅፎ ወደ ሕንጻው ጣሪያ ይወጣል። ላቦራቶሪ ሲባል ጠርሙስና ጭስ የጠበቀው ዓለምነው ያገኘው አንድ ባዶ ጣሪያ፣ አንድ የቆመ ዘንግና አንድ ህንዳዊ መምህር ነው። ሚስተር ኩሪያን ይባላል። አጭር፣ ቁጡ፣ ፀሐይ ብታነደውም ኮቱን የማያወልቅ ሰው። በመጀመሪያው ቀን ክንዳቸውን አስዘረጋና አንድ የተጨበጠ እጅ ሰማይ ላይ አሥር ዲግሪ እንደሚሸፍን አሳያቸው። ተማሪው ሁሉ ቡጢውን በቡጢው ላይ እየደራረበ ከእንጦጦ ጫፍ እስከ አናቱ ሲቆጥር፣ ታች መንገድ ላይ ያለው ሰው ቆሞ ያይ ነበር። "እነዚህን ልጆች ምን ነካቸው?" ሳይል አልቀረም።

ሚስተር ኩሪያን ሁለት ሕግ ነበረው። አንደኛው፣ "ያያችሁትን ጻፉ፤ ማየት ይገባኝ ነበር የምትሉትን አይደለም።" ሁለተኛው፣ "በቀለም ጻፉ። ብትሳሳቱ አንድ ቀጭን መስመር አስምሩበትና ቀጥሉ። የተሰረዘው ከነስሕተቱ መነበብ አለበት።" ዓለምነው ሁለተኛውን ወዲያው ለመደው። አንደኛው ነው ዕዳ የሆነበት።

ለፋሲካ ኮሌጁ ለሁለት ሳምንት ሲዘጋ ሚስተር ኩሪያን የቤት ሥራ ሰጠ። እያንዳንዱ በየአገሩ አንድ ሜትር ዘንግ ይተክላል፤ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ጥላውን ይለካል፤ ጥላው ከሁሉ ያጠረበትን ሰዓትና ደቂቃ ይጽፋል። በቃ ይኸው ነው። ዓለምነው በልቡ ሳቀ። ጥላ መለካት! የእሱ አባት እኮ ጥላ ለክቶ ነው ያረጀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቱ በዛብህ የዘንገና ገበሬ ናቸው፤ ገብስና ድንች ያበቅላሉ፣ አንድ ዳማ ፈረስ አላቸው። ለደብሩ ደግሞ ሰዓት ቆጣሪ ናቸው። በጾም ወራት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት መድረሱን የሚያውጁት እሳቸው ናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ፣ ሜዳው ልክ በሆነበት፣ ባዶ እግራቸውን ይቆማሉ። አንገታቸውን ያቀናሉ። የራሳቸው ጥላ ያረፈበትን ሣር በዓይናቸው ይይዙና ተረከዝ ከጣት እያገናኙ እስከዚያው ይረግጣሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በሚያዝያ ስድስት ጫማ ከግማሽ ሲሞላ እጃቸውን ያነሣሉ። ያኔ ደወሉ ይደወላል፤ ከዘንገና እስከ ጥርባ ያለው ሰው ሞፈሩን ጥሎ ወደ ገበታው ይሄዳል። አርባ ዓመት ሙሉ የዚያ ሁሉ ሰው ሆድ በበዛብህ እግር ሥር ነበር። ሌላ ሹመት የላቸውም፤ ሌላም አልፈለጉ። ድግስ ላይ ከፍ ብለው የሚቀመጡ፣ "አያ በዛብህ ምን ይላሉ?" የሚባሉ፣ በዚችው በጥላቸው ነው።

ዓለምነው ሚያዝያ አንድ ቀን ቆሰበር ከአውቶቡስ ወረደ። ዘንግ ከአገሩ አይጠፋም፤ የቸገረው የእጅ ሰዓት ነው። ሱቅ ያለው ሸዕባን የአባቱ ወዳጅ ስለሆነ ወደ እሱ ገባ። ሸዕባን ሬዲዮም ሰዓትም ያለው ሰው ነው፤ ማታ ማታ ሬዲዮው ሰዓት ሲናገር ሰዓቱን ያስተካክላል። አላቅማማም፤ ከእጁ ፈታና ሰጠው።

"ውሰዳት፤ ስትመለስ ታመጣታለህ" አለው። "ይቺ ለአውቶቡስና ለሬዲዮ ነች፤ ንቅንቅ አትልም። ለሶላት ግን አላምናትም። ለዙሁር፣ ለቀትሩ ሶላት፣ እኔም ደጅ ወጥቼ ጥላ ነው የማየው።"

ዓለምነው ይሄን ሰምቶ ፈገግ አለ። የኮሌጅ ተማሪ አይደል! ሰዓት በእጁ አስሮ ጥላ የሚያይ ሰው አሳዘነው። አይ ልጅነት።

ቤቱ ሲደርስ አባቱ ራሳቸው ቀርቀሃ ቆርጠው አመጡለት። ቱንቢ አንጠልጥለው ቀጥ አድርገው ተከሉለት፤ ዙሪያውን ረገጡለት። "ትምህርት ቤት ይሄንንም ያስተምራሉ?" ብለው ደስ አላቸው። እናቱ ዘውድነሽም ከደጃፍ ቆማ "አባትህን በከንቱ አገር ቤት አስቀሩት!" ብላ አሾፈች። በአገውኛ ነበር ያለችው፤ ሦስቱም ሳቁ።

ሥራው ግን እንዲህ ሆነ። ዓለምነው እኩለ ቀን ስድስት ሰዓት እንደሆነ ያውቃል፤ ይሄን የማያውቅ ማን አለ? ስለዚህ አምስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ይወጣል፣ ስድስት ከአሥር ላይ ይገባል። በዚያ መሐል ጥላው እያጠረ ብቻ ይሄዳል እንጂ መልሶ ሲረዝም አንድ ቀን አላየም። "መሬቱ ዘንበል ብሎ ነው" እያለ በደብተሩ ላይ "ከሁሉ ያጠረው፣ ስድስት ሰዓት" ብሎ ይጽፋል። ሐሩሩን ሸሽቶም ወደ ጥላ ይገባል።

ረቡዕ ዕለት ከአባቱ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ቅዳሴው እየተቀደሰ ነው፤ ግቢው በሰው ሞልቷል። ደዋዩ እንየው ከደወሉ ሥር ቁጭ ብሎ የበዛብህን እጅ ይጠብቃል። አባቱ ቆሙ፤ ረገጡ፤ ቆጠሩ።

"አምስት። ገና ነው" አሉ።

ዓለምነው ሰዓቱን አየ። ልክ ዘጠኝ ነው። አንዲት ደቂቃ የጎደለችው የለም። ቢያንስ ወደ ጆሮአቸው ቀረብ ማለት ይችል ነበር። እሱ ግን በዚያ ሁሉ ሰው መሐል እጁን ከፍ አድርጎ "ሞልቷል እኮ አባባ! ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ይኸው!" አለ።

አባቱ ደግመው ቆጠሩ። አምስት ነው። ልጁም ሰዓቱን እንደገና አሳየ። ሸዕባን ከሬዲዮ ጋር የሚያስተካክላት መሆኗን፣ አዲስ አበባ መንግሥት ራሱ በዚህ እንደሚሠራ አብራራ። ያን ጊዜ ምህረቴ የሚባል፣ ነገር ሲያገኝ የማይለቅ ሰው፣ ሆዱን ይዞ "እናንተዬ! ታዲያ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ትርፍ ስንጾም ነው የኖርነው? አያ በዛብህ፣ የአርባ ዓመት ምሳችንን ማን ይመልስልን?" አለ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ቄስ ደርበው ሳይቀሩ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሳቁ።

በዛብህ አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። ጋቢያቸውን ከሣሩ ላይ አነሡ፤ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ። "ልጁ ተምሯል" አሉ። "ሰዓቱ ዘጠኝ ካለ ዘጠኝ ይሁን።" ለእንየውም እጃቸውን ሳያነሡ ራሳቸውን ነቀነቁለትና ደወሉ ተደወለ።

ዓለምነው ሲመለስ መንገዱን ሁሉ ሰው እያቆመ መረቀው። "የተማረ ይግደለኝ!" አሉት። እሱም ደረቱ ተነፋ። ቤት ሲደርሱ ዘውድነሽ ገበታ አቀረበች፤ አባቱ ግን ወደ በረቱ ዞሩ። "እናንተ ጀምሩ፤ እኔ ፈረሱን ላጠጣ" ብለው ወጡ። ሐሙስም ፈረሱን ሊያጠጡ ወጡ፤ ዓርብም እንዲሁ። ዓለምነው ርቦት ስለነበር ልብ አላለውም።

እሑድ ሆሳዕና ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ዓለምነው ዘንጉን ለክቶ ገብቶ ጋደም እንዳለ አባቱ ከደጅ ጠሩት። "ዓለምነው! ና ውጣ፤ ደብተርህንም ያዝ!"

ወጣ። አባቱ ከቀርቀሃው አጠገብ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ጥላ የላቸውም። ዙሪያቸውን ቢያይ ምንም የለም፤ ከእግራቸው ሥር ብቻ የጭንቅላታቸውና የትከሻቸው ጨለማ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ቀርቀሃውም ጥላ የለውም፤ ደረቅ መሬት ላይ ባዶውን ቆሟል። ዓለምነው እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜው ሙሉ አጠገቡ እየሆነ አይቶት አያውቅም ነበር። ልቡ ደነገጠ፤ ደግሞ ደስ አለው፤ እንደ ሕፃን ሄዶ ከአባቱ ጎን ቆመና የገዛ ጥላውን ከእግሩ ሥር ፈለገው።

"ፀሐይ አናታችን ላይ የምትቆመው በዚህ ሰሞን ነው" አሉት አባቱ በለሆሳስ። "ይሄን ለመምህርህ ንገረው። ሰዓትህ ስንት ይላል?"

ዓለምነው አየ። "ስድስት ከሠላሳ ሁለት" አለ።

አባቱ ሰዓቱን አዩ፣ ፀሐይዋን አዩ፣ ቀጥሎ ልጃቸውን አዩ። "ደግ" አሉና ወደ ቤት ገቡ።

ዓለምነው ደብተሩን ይዞ ፀሐይ ላይ ቆመ። ያየውን ጻፈ፤ "ስድስት ከሠላሳ ሁለት።" ከዚያ ረቡዕ ትዝ አለው። ይሄ እውነት ከሆነ ያ ምን ሊሆን ነው? ያ ሁሉ ሳቅ፣ ያ ሁሉ ምርቃት? አይሆንም፤ ዓይኔ ነው፣ ወይም ዘንጉ ነው አለ። በቁጥሩ ላይ አንድ ቀጭን መስመር አሰመረና ከጎኑ "ስድስት ሰዓት" ብሎ ጻፈ። መስመሩን ያሰመረው ለሕጉ ታዝዞ ነው። ለሌላው ሕግ ግን አልታዘዘም።

ፋሲካ አለፈ። ሰዓቱን ለሸዕባን መለሰ፤ ሸዕባንም ብዙ ሳይቆይ ሌላ አምጥቶ ለምህረቴ ሸጠለት። ከዚያ ወዲህ የደብሩ ሰዓት ቆጣሪ ምህረቴ ሆነ። አያ በዛብህ ከግቢው ሲገቡ ከዛፉ ሥር፣ ከሌላው ሰው ጋር ተቀላቅለው መቀመጥ ጀመሩ።

ኮሌጁ ሲከፈት ሚስተር ኩሪያን ዓለምነውን ወደ ሥራ ክፍሉ አስጠራው። ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶታል።

"ዘጠኝ ቀን፣ ዘጠኝ ጊዜ፣ ልክ ስድስት ሰዓት" አለው። "የአገርህ ፀሐይ በጣም ታዛዥ ነች። ይሄ ሁሉ ውሸት ነው።" ከዚያ ጣቱን በተሰረዘችው መስመር ላይ አኖረ። "ይቺስ? ይቺን ለምን ሰረዝካት?"

ዓለምነው "ተሳስቼ ነው፤ ሠላሳ ሁለት ደቂቃ አልፎ ነበር" አለ።

መምህሩ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ካርታ ጎትቶ አቆመው። የመላ አገሪቱ ሰዓት የተቀመጠው በምሥራቅ በኩል፣ ኦጋዴንን አቋርጦ በሚያልፍ አንድ መስመር ነው። ፀሐይ መጀመሪያ እዚያ እኩለ ቀን ታደርጋለች፤ ከዚያ ወደ ምዕራብ ስትጓዝ ለእያንዳንዷ ዲግሪ አራት ደቂቃ ትፈጃለች። "ሠላሳ ሁለትን ለአራት አካፍል" አለው። ስምንት። መምህሩ ከመስመሩ ስምንት ዲግሪ ወደ ምዕራብ ቆጠረና እርሳሱን ተከለ። እርሳሱ ከጣና በስተ ደቡብ አረፈ። "ቤትህ እዚህ ነው? በአንድ ቀርቀሃ የገዛ ቤትህን ካርታ ላይ አግኝተኸው ነበር፤ መልሰህ ሰረዝከው።"

ለዘጠኙ ቀን ዜሮ፣ ለተሰረዘችው ሙሉ ማርክ ሰጠው። ዓለምነው ማርኩን አላየውም። ወደ ጣሪያው ወጥቶ ዘንጉ ሥር ተቀመጠና አለቀሰ። አባቱ በጋቢያቸው ውስጥ ሆነው "ሰዓቱ ዘጠኝ ካለ ዘጠኝ ይሁን" ሲሉ እየታዩት አለቀሰ።

ደብዳቤ ሊጽፍ አሰበና ተወው። በሰው ፊት የበደለውን በሰው ፊት ነው መመለስ ያለበት። ክረምት ሲገባ አገሩ ሄደ። ግን ሐምሌ እንደሆነ ፀሐይ የለ፣ ጥላ የለ፤ ዝናብ ብቻ። ፍልሰታ እስኪገባ ምላሱን ነክሶ ሰነበተ። በሱባኤው በሰባተኛው ቀን ሰማዩ ተገለጠ። ግቢው በሰው ሞልቷል፤ ምህረቴ ሰዓቱን ወደ ጆሮው አስጠግቶ "ዘጠኝ! ደውል እንየው!" አለ።

"ቆይ አያ እንየው!" አለ ዓለምነው። "ጥፋቱ የእኔ ነው። ስሙኝ። ይቺ ሰዓት የምትቆጥረው የእኛን ፀሐይ አይደለም፤ የኦጋዴንን ነው። ከእኛ ዘንድ ፀሐይ የምትደርሰው ዘግይታ ነው። አባቴ ልክ ነበሩ። አርባ ዓመት ሙሉ ልክ ነበሩ። ሆሳዕና ዕለት በዓይኔ አይቼ ደበቅኋችሁ።" ቀጥሎ እንደ ምንም ብሎ ካርታውንና ዲግሪውን አስረዳ። ማን እንደገባው እንጃ።

ምህረቴ ግን ገብቶታል። "ታዲያ ከፋሲካ ወዲህ በኦጋዴን ሆድ ነው የበላነው?" ብሎ ጮኸ። ሰዓቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተ፤ ወደ ዛፉም ሄዶ አያ በዛብህን ክንዳቸውን ይዞ አስነሣ። "ይማሩን አያ። ይምጡ ይቁጠሩልን።"

በዛብህ ከድሮ ቦታቸው ቆሙ። ጫማ አወለቁ፣ አንገታቸውን አቀኑ፣ ረገጡ። "ገና ነው" አሉ። ያ ሁሉ ሰው፣ ርቦት፣ ያለ አንዲት ጉርምርምታ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ጥላው ሲሞላ እጃቸውን አነሡ።

ወደ ቤት ሲሄዱ ዓለምነው ከአባቱ ኋላ ቀረት ብሎ ነበር። "አባባ፣ ይማሩኝ" አለ። "አላወቅሁም ነበር።"

"እኔ አውቄ ነበር" አሉት ሳይዞሩ። "ፀሐይ አናቴ ላይ ቆማ ሰዓትህ ሠላሳ ሁለት አልፏል ስትለኝ ሰዓትህ ከፀሐይ ጋር እንደማይሄድ ገባኝ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ምን ልበል? የዚያን ሰሞን አገሩ ሁሉ 'የተማረ ልጅ' ይልሃል። ገና ጀማሪ ነህ፤ በጠዋቱ 'ይሄ የማያውቅ' ከተባልክ ማን ያምንሃል? እኔ ዕድሜዬን ቆጥሬ ጨርሻለሁ። ለእኔ ከዛፍ ሥር መቀመጥ ምን አለው?"

ቤት ሲደርሱ ዘውድነሽ ገበታውን አቀረበች። ያን ቀን በዛብህ ወደ በረቱ ሳይዞሩ ቀጥ ብለው ገብተው ተቀመጡ። እሷም ሳቅ እያለች "ዛሬስ ፈረሱ አልጠማውም?" አለቻቸው። ለልጇም ዞራ "ከዚያ ከረቡዑ ወዲህ እኮ በአንተ ሰዓት አንድ ቀን አልቀመሰም። ደወሉ ከተደወለ በኋላ ፈረሱን ላጠጣ ብሎ ይወጣል፤ እኔን ያታለለ መስሎት ከበረቱ ጀርባ ጥላውን ይረግጣል። ያ ምስኪን ፈረስ ስንት ውኃ ይጠጣ!" አለችው። ዓለምነው ሳቀ፤ እንጀራውን ቆርሶም መጀመሪያ አባቱን አጎረሰ።

አያ በዛብህ ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። መምህር ዓለምነው ዛሬ ዳንግላ ላይ፣ ከተማ መሐል ነው የሚኖር፤ ፈረስ የለው፣ በረት የለው። ግድግዳው ላይ ግን የማትሳሳት ሰዓት አለች። በሁዳዴ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሸጋ የምትባለው ሚስቱ ምሳ አቅርባ ትጠራዋለች። እሱም ከወንበሩ ብድግ ይልና ጫማውን አውልቆ ወደ ጓሮ ይወጣል።

"ወዴት ነው ደግሞ?" ትለዋለች፣ እያወቀች።

"መጣሁ" ይላታል። "ፈረሱን ላጠጣ።"

ሸጋም ወጡን መልሳ ትከድነዋለች።